ደጅ ጥናት ወይስ መብት? አካል ጉዳተኛው የመንግሥት ሥራ ሲያመለክት

የ16 ቁጥር ትራም መጨረሻ ፌርማታ ጊንሃይም ነው። ከሥራ ስመለስ የምወርደው እዚያ ስለሆነ፣ ያገሬን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የማገኘውም እዚያው ነው። ካንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ በአንድ ብርዳማ ምሽት፣ የማከብራቸው ጎረቤቴ ፌርማታው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እኚህ ሰው አዲስ አበባ ሳሉ በሂሳብ ሥራ ብዙ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። እዚህም መጥተው ቋንቋውን ተምረው፣ እንደገና ሠልጥነው የጀርመን የሙያ ወረቀት ይዘዋል። በልጅነታቸው ፖሊዮ ቀኝ እግራቸውን ስለጎዳው በብረት ድጋፍ ይራመዳሉ። በእጃቸው ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ነበር። «ስላመለከቱ እናመሰግናለን፤ ሌላ ሰው መርጠናል፤ ለወደፊቱ መልካሙን ሁሉ እንመኝልዎታለን» ይላል። ሰባተኛቸው ነበር።

«ስንቱ ለቃለ መጠይቅ ጠራዎት?» አልኳቸው።

«አንዱም።»

«አካል ጉዳተኛ መሆንዎንስ ማመልከቻው ላይ ጽፈዋል?»

ይህን ጊዜ ቆጣ አሉ። «ምነው ወንድሜ! ስሜን ሲያዩ አንድ ይቀንሱብኛል፤ የተማርኩበትን አገር ሲያዩ ሁለተኛ ይቀንሱብኛል፤ እግሬን ደግሞ ልጨምርላቸውና ምን ሊተርፈኝ ነው?»

የሂሳብ ሰው ያወጣው ሂሳብ ስለሆነ የማይሳሳት ይመስላል። ለግል ኩባንያ የሚያመለክት ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። በጀርመን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ግን ሂሳቡ የተገላቢጦሽ ነው። ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚደመርላቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱኑ ነበር የደበቁት።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ጉዳዩን ስከታተል ቆይቻለሁ። እኔ መሐንዲስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን አንድ ሥርዓት ለምን እንደሚሠራ ወይም ለምን እንደማይሠራ መጠየቅ ሙያዬ ነው። የደረስኩበትን ባጭሩ ልናገር። አካል ጉዳተኛን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስገባው የባለሥልጣን ደግነት አይደለም፤ ቀጣሪው ለወሰደው እርምጃ መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ አሠራር ነው። ጀርመን ይህ አሠራር አላት፤ እኛ ግን ጉዳታችንን ደብቀን ሳንጠቀምበት እንቀራለን። ኢትዮጵያ ደግሞ ሕጉ አላት፤ አሠራሩ ግን ጎድሎባታል። (ግራ እንዳያጋባ፦ የጀርመኑን ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያን አዋጆች በኛው አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ሁለቱ ደጆች

ባገራችን ሹመትና ሥራ የሚገኘው በደጅ ጥናት ነበር። ፈላጊው ጧትና ማታ ከጌታው ደጅ ይቆማል፤ ይታያል፤ እጅ ይነሳል፤ አንድ ቀን ጌታው «ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?» እስኪል ይጠብቃል። ይህ ሥርዓት እግርና ዓይን ይፈልጋል፤ መቆምና መታየት የማይችል ሰው ደጅ ሊጠና አይችልም። አካል ጉዳተኛው የተፈቀደለት ደጅ ሌላ ነበር፤ ደጀ ሰላም። አንዱ ደጅ ሹመት የሚጠየቅበት፣ ሌላው ምጽዋት የሚጠየቅበት ነው። በሁለቱም የሚገኘው ነገር የሰጪው ፈቃድ እንጂ የተቀባዩ መብት አልነበረም።

ይሁንና ከዚያው ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ሌላ ምሳሌ አለን። በቅኔውና በዜማው ቤት ዐይነ ስውር መምህራን የተለመዱ ነበሩ፤ ደቀ መዝሙር እየመራቸው ይሄዳሉ፣ ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ። ይህ የሆነው አገሩ ለዐይነ ስውራን በተለየ ስለራራ አይመስለኝም። ትምህርቱ በቃልና በጆሮ የሚተላለፍ ስለነበር፣ ዓይን አለመኖሩ በውድድሩ ላይ ብዙም ለውጥ አላመጣም። በኋላ ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን፣ ፋይሉንና ደረጃውን ይዞ ሲመጣ ያው ሰው «የማይችል» ተባለ። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሥራው ዘዴ ነው። እኔ ስለ አካል ጉዳተኝነት ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያህል ትምህርት አላገኘሁም።

ጀርመን፦ መጋበዝ ግዴታ ሲሆን

ማንም ሰው ጀርመኖች በተፈጥሯቸው ለአካል ጉዳተኛ የሚያዝኑ ሕዝብ ናቸው ብሎ እንዳይሳሳት። ከጊንሃይም በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቃ ሃዳማር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1941 ከጥር እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ብቻ፣ ናዚዎች በዚያ በነበረ የሕክምና ተቋም ከ10,000 በላይ የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞችን በጋዝ ገድለዋል። ዛሬ ቦታው የመታሰቢያ ሥፍራ ነው። የአሁኑ ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በብዙ ክርክርና ትግል ነው።

ሥሩ ግን ከዚያም ይቀድማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት እጅና እግር አልባ ወታደሮች ጎዳናውን ሲሞሉት፣ በ1920 ቀጣሪዎች የጦር ጉዳተኞችን እንዲቀጥሩ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። በ1974 ሕጉ ተሰፍቶ የጉዳቱ ምክንያት ምንም ይሁን ምን ከባድ ጉዳት ያለበትን ሁሉ የሚመለከት ሆነ። በ1994 ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳይበደል የሚል ዐረፍተ ነገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ተጨመረ። በ2001 ዘጠነኛው የማኅበራዊ ሕግ መጽሐፍ፣ በ2006 ደግሞ አድልዎን የሚከለክለው አጠቃላይ ሕግ ሥራ ላይ ዋሉ።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው አንድ አንቀጽ ነው፤ የዘጠነኛው መጽሐፍ አንቀጽ 165። ይህ አንቀጽ የመንግሥት ቀጣሪ ከባድ ጉዳት ያለበት አመልካች ሲመጣለት ለቃለ መጠይቅ መጥራት አለበት ይላል። የሚቀርለት አመልካቹ ለሥራው የሚያበቃ ሙያ እንደሌለው በግልጽ ሲታይ ብቻ ነው። «ሌሎቹ የተሻለ ነጥብ አላቸው» የሚለው ምክንያት አይበቃም። ማስታወቂያው የጠየቀውን ትምህርትና ልምድ ካሟላህ፣ ፊት ለፊት ቀርበህ የመናገር ግማሽ ሰዓት ሕግ ሰጥቶሃል።

አሠራሩ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

መጀመሪያ መታወቂያው ነው፤ ሽቬርቤሂንደርተንአውስቫይስ ይባላል። በሄሰን ክፍለ ግዛት የሚሰጠው የእንክብካቤና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የፍራንክፈርቱ ከጊንሃይም በኡ-ባን ሦስት ፌርማታ ብቻ ርቆ ኖርድቬስትሴንትሩም አጠገብ ይገኛል። ቅጽ ይሞላል፣ የሐኪም ማስረጃ ይያያዛል፣ መሥሪያ ቤቱ ጉዳቱን በአሥር በአሥር እያሳደገ እስከ 100 ይለካዋል። 50ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ከባድ ጉዳት እንዳለበት ይቆጠራል። 30 ወይም 40 ያገኘ ደግሞ፣ ያለዚያ ተስማሚ ሥራ ማግኘት ወይም ያለውን ሥራ ማቆየት እንደማይችል ካሳየ፣ እኛ በድሮ ስሙ አርባይትስአምት በምንለው የሥራ ቢሮ አመልክቶ «ግላይሽሽቴሉንግ» ማግኘት ይችላል። ይህም ከሞላ ጎደል እኩል መብት ይሰጣል፤ ለቃለ መጠይቅ የመጠራቱን መብት ጨምሮ። የተሰጠው ቁጥር ያነሰበት ሰው በአንድ ወር ውስጥ መቃወሚያ ያስገባል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነገር አለ። አካል ጉዳተኛ ሲባል የሚታየን ዐይነ ስውር ወይም በክራንች የሚሄድ ሰው ነው። በ2023 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ 7.9 ሚሊዮን ሰዎች ከባድ ጉዳት እንዳለባቸው ተመዝግበው ነበር፤ ከሕዝቡ 9.3 ከመቶ መሆኑ ነው። ከእነዚህ 91 ከመቶ ያህሉ ጉዳታቸው የመጣው ከበሽታ ነው፤ አብሮ የተወለደው 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ በዲያሊሲስ የሚኖር፣ የጡት ካንሰር ታክማ የዳነች፣ በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን እየወጋ ኑሮው የከበደበት፣ ልቡ የተጎዳ፣ ለብዙ ዓመት በድብርት የተያዘ ሰው ሁሉ ለመታወቂያው ሊያመለክት ይችላል። ከመካከላችን ስንቱ ነው ይህን ችግር ይዞ በዝምታ የሚኖረው? ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ጉዳይ ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል።

ቀጥሎ የት እንደሚያመለክቱ መለየት ነው። ግዴታው ያለበት ፌደራል መንግሥቱ፣ ክፍለ ግዛቱ፣ ከተማው፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲና የመሳሰሉት በሕዝብ ሕግ የተቋቋሙ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የከተማው ንብረት ቢሆንም በጌኤምቤሃ መልክ የተቋቋመ ድርጅት በዚህ አንቀጽ አይገደድም። ሌላም ተደጋግሞ የሚነገር ስሕተት አለ፤ «የመንግሥት ሥራ ለጀርመን ዜጋ ብቻ ነው» የሚለው። የጀርመን ወይም የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት በመሠረቱ የሚጠየቀው «ቤአምተ» ለሚባለው ቋሚ የመንግሥት ሹመኛ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሚሠራው ብዙው ሰው ግን በኅብረት ስምምነት የተቀጠረ ተራ ሠራተኛ ነው፤ ለእሱ የመሥራት ፈቃድ ያለው የመኖሪያ ወረቀት ይበቃል።

ሦስተኛው ማመልከቻው ነው። የፌደራሉ የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት በ2014 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ጉዳቱ በዋናው ደብዳቤ ላይ ወይም በሕይወት ታሪኩ ላይ ጎልቶ መጻፍ አለበት። የመታወቂያውን ቅጂ ከሃያ ገጽ አባሪ መሐል ሸጉጦ መላክ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው፦ «ከባድ የአካል ጉዳት ያለብኝ ስሆን የጉዳቱ ደረጃ 50 ነው፤ የመታወቂያዬን ቅጂ አያይዣለሁ።» የበሽታውን ስም መናገር ግዴታ አይደለም። በአንዱ መሥሪያ ቤት ደጋግሞ የሚያመለክትም ሰው በየማመልከቻው እንደገና መጻፍ አለበት።

አራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው ዘበኛ ነው። ከባድ ጉዳት ያለባቸው አምስት ሠራተኞች ባሉበት ሥፍራ እነሱ ራሳቸው የሚመርጡት ተወካይ ይኖራል። ማመልከቻህ እንደደረሰ ቀጣሪው ለዚህ ሰው ማሳወቅ አለበት። አመልካቹ ካልከለከለ በቀር ተወካዩ ወረቀቶቹን ያያል፤ በቃለ መጠይቁም ላይ ይቀመጣል። እንግዲህ ውድድሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያይ፣ ደመወዙ በዚያ ቀጣሪ እጅ ቢሆንም በሕግ ከመባረር የተጠበቀ ሰው አለ ማለት ነው።

አምስተኛው ተገቢው ጥሪ ሳይደረግ ሲቀር ነው። ቀጣሪው ሙያ ያለውን አካል ጉዳተኛ ሳይጠራ ከቀረ፣ ፍርድ ቤቱ አድልዎ ተደርጓል ብሎ መነሻ ግምት ይወስዳል፤ አለመደረጉን የማስረዳት ሸክም በቀጣሪው ላይ ይወድቃል። ካሣው፣ አድልዎ ባይኖርም ኖሮ ለማይቀጠር ሰው፣ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ይደርሳል። ታዲያ የማስቀረቢያ ደብዳቤው በደረሰ በሁለት ወር ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ ግድ ነው፤ ቀኑ ካለፈ መብቱም አለፈ።

«ይህማ አድልዎ ነው፤ ለሌላው ያልተሰጠ ለእሱ ለምን ይሰጣል?» የሚል ወዳጅ አጋጥሞኛል። ሕጉ ሥራውን አልሰጠም፤ የሰጠው ግማሽ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመረጠው ያው የተሻለው ሰው ነው፤ ማስታወቂያዎቹ ላይ የሚታየው ቅድሚያም ችሎታው እኩል ለሆነ ነው። ወረቀት ብቻ አይቶ የሚጥል ሰው፣ ሰውየውን አይቶ እንዲወስን ማስገደድ አድልዎ አይመስለኝም።

የጀርመኑም ጉድለት አለበት

ሥዕሉን አሳምሬ እንዳላታልላችሁ። 20ና ከዚያ በላይ የሥራ መደብ ያለው ቀጣሪ፣ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ ቢያንስ 5 ከመቶውን ከባድ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች መስጠት አለበት። የመንግሥቱ ዘርፍ በድምሩ ከ6 ከመቶ በላይ ሲደርስ፣ የግሉ ከ4 ከመቶ ብዙም አልዘለለም። ግዴታ ካለባቸው ቀጣሪዎች ከአራቱ አንዱ ያህል አንድም ሰው አልቀጠረም። ለዚህ መቀጫ ይከፍላል፤ ከ2025 ጀምሮ ባልሞላው በእያንዳንዱ መደብ በወር ከ155 እስከ 815 ዩሮ። ለትልቅ ኩባንያ ይህ የቡና ገንዘብ ነው፤ ከፍሎ መገላገልን የሚመርጥ ሞልቷል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ለይስሙላ የሚጠሩ አሉ። ሰውየውን ማን እንደሚቀጥሩ አስቀድመው ወስነው፣ ሕጉን ለማሟላት ብቻ ወንበር ያቀርቡለታል። ይህንን የቀመሰ ሰው ከሩቅ ያውቀዋል፤ ጥያቄው ያጥራል፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። የቋንቋችን ላህጃና ያገር ቤት የትምህርት ማስረጃችንም የራሱ ጣጣ አለው፤ ዲግሪውን በሚመለከተው ማዕከላዊ ቢሮ ሳያስመዝኑ ማመልከት «ሙያው የለውም» ለሚል ቀጣሪ በር መክፈት ነው።

ይሁን እንጂ ልዩነቱን ልብ በሉ። እዚህ የሚጎድለው ነገር ይቆጠራል። ስንት ሰው ተቀጠረ፣ ስንት መደብ ቀረ፣ ስንት ተከፈለ የሚለው በየዓመቱ ይታወቃል። በእኔ ሙያ የማይለካ ነገር አይጠገንም።

አገር ቤት፦ አዋጅ ቁጥር 568/2000

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ብዙ ሰው «እኛ አገርማ ሕግም የለም» ሲል እሰማለሁ፤ እውነት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግግ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 101/1986 አካል ጉዳተኛው በችሎታው መወዳደር የማይችል፣ ልዩ ጥበቃ የሚያሻው ሰው ነው የሚል አመለካከት ይፈጥራል ተብሎ የተተካ ነው። ይህን የሚለው የአዲሱ አዋጅ መግቢያ ራሱ ነው። ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ከደጀ ሰላሙ ወደ መብቱ ለመሻገር የተጻፈ።

ይዘቱም ደህና ነው። የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር በጉዳት ምክንያት ማግለል ሕገ ወጥ ነው። የሚፈለገውን ችሎታ አሟልቶ ከሌላው እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ያገኛል። አሠሪው የሥራውን ቦታና መሣሪያ ማመቻቸት፣ እንደሁኔታው ረዳት መመደብ አለበት። ተገልያለሁ ብሎ መነሻ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ሲኖር፣ አለማግለሉን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ይህን የማስረዳት ሸክም ጀርመን በአጠቃላዩ የአድልዎ ሕጓ ከጻፈችው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ዘግይተን ጽፈነዋል። በ2002 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ጸድቋል። በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንጻ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር።

ታዲያ ምን ጎደለ? እንደ መሐንዲስ ስመለከተው አራት ብሎን ይጎድሉታል።

የመጀመሪያው፣ የመጥራት ግዴታ የለም። «ተቀራራቢ ነጥብ» የሚለው ቅድሚያ የሚሠራው ፈተናው ከተፈተነ በኋላ ነው። ዐይነ ስውሩ ምዝገባው ላይ «ለዚህ ሥራ አትሆንም» ተብሎ ከተመለሰ፣ ወይም ፈተናው በብሬል ወይም በአንባቢ ካልተሰጠው፣ የሚቀራረብ ነጥብ ከየት ይመጣል? መስማት ለተሳነው ሰው አስተርጓሚ ሳይቀርብ የሚደረግ ቃለ መጠይቅስ ምኑ ቃለ መጠይቅ ነው?

ሁለተኛው፣ «የሥራው ጠባይ» የሚለውን የሚተረጉመው ቀጣሪው ራሱ ነው፤ በሩ ላይ ሆኖ፣ በቃል፣ ሳይጽፍ። ያልተጻፈ ውሳኔ ደግሞ ይግባኝ አይባልበትም። የ1999ኙም የ2010ሩም የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ሲቀጠሩ ከኤች አይ ቪ ምርመራ በቀር የጤና ማስረጃ ይጠይቁ ነበር። ጤና ማጣትና አካል ጉዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የማይለይ የሰው ኃይል ሹም ፊት፣ ያ ወረቀት ማጣሪያ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው፣ ውስጥ ሆኖ የሚያይ ዘበኛ የለም። ጀርመን ውስጥ የተመረጠው ተወካይ የሚቀመጥባት ወንበር እኛ ዘንድ ባዶ ናት።

አራተኛው፣ ቆጠራውና ቅጣቱ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ 1 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተመዘገቡ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በአውሮፓ 2011 ያወጡት ዘገባ ግን ለኢትዮጵያ 17.6 ከመቶ የሚል ቁጥር አስፍሯል። አለካኩ የተለያየ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይህን የሚያህል ርቀት የሚያሳየን፣ ቤተሰብ ቆጣሪው ሲመጣ ጓዳ የሚያስገባው ሰው እንዳለ ነው። ቅጣቱ ደግሞ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው። በ2000 ዓ.ም. ሲጻፍ የሚያስደነግጥ ባይሆንም የሚሰማ ገንዘብ ነበር፤ የብሩ አቅም ዛሬ ምን እንደሆነ ለአንባቢ አልነግርም።

ይህ ለምን ዛሬ አሳሰበኝ? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተደረገው ጦርነት ከትግራይ፣ ከአማራና ከአፋር ስንቱን ወጣት እጅና እግር እንዳሳጣው ሁላችንም ከየቤተሰባችን የሰማነው አለ። ከዚያም ወዲህ ተኩሱ በየሥፍራው አልቆመም። ጀርመኖች በ1920 የገጠማቸው ጥያቄ በእኛም ደጅ ቆሟል። በደርግ ጊዜ መልሱ ጀግኖች አምባ ነበር፤ ለብቻ ማኖር። አሁን ግን እነዚህ ወጣቶች ዲግሪና ዲፕሎማቸውን ይዘው ወደ ቀበሌው፣ ወደ ወረዳው፣ ወደ ሚኒስቴሩ ይመጣሉ። ከበሩ የሚመለሱ ከሆነ ወዴት ይሂዱ?

አገራችን ጀግኖች አላጣችም። ከወሎ ገጠር ተነሥታ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 በአውሮፓ አቆጣጠር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝታለች፤ የምንኮራባት እህታችን ናት። ነገር ግን አንድ ሥርዓት ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው የተለየ ጽናት ያላትን ሴት በማሳለፉ አይደለም። ተራውን የሂሳብ ሠራተኛ፣ ተራውን መዝገብ ያዥ፣ ያለ ሽልማትና ያለ ጭብጨባ ሲያሳልፍ ነው።

ምን እናድርግ?

አገር ቤት ለሚያመለክት ዘመድ የምንነግረው ነገር አለ። ምዝገባ ሲሄድ የሚያስፈልገውን፣ ማለትም ብሬል፣ አንባቢ፣ አስተርጓሚ ወይም ተጨማሪ ሰዓት፣ በደብዳቤ ይጠይቅ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብቶ «ገቢ» የሚል ማኅተምና ቁጥር በቅጂው ላይ ያስመታ። አይሆንም ከተባለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ አንጽፍም ካሉት ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለው በዚያው ቀን ጽፎ ያስቀምጥ። ከዚያ ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፣ እንዲሁም ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን መብት የተመደበ ኮሚሽነር ላለው ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያቅርብ። የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው የሚዞረው መነሻ ማስረጃ ሲኖር ነው፤ መነሻው ደግሞ ያቺ ማኅተም ያረፈችባት ቅጂ ናት።

እኛ በውጭ ያለነው ለዓመታት ዊልቸር ስንልክ ኖረናል። መላኩ ይቀጥል፤ የሚያስፈልገው ብዙ ነው። ነገር ግን ዊልቸሩ የቀጣሪውን በር አይከፍትም። ከምናዋጣው ጥቂቱን ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ክፍያ፣ ለፈተና አንባቢ፣ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ለሚያደርስ ጠበቃ ብናውለው፣ አንድ የተረታ መሥሪያ ቤት ለመቶዎቹ ትምህርት ይሆናል። አዲሱን ሕግ ለሚያረቅ ባለሙያ ደግሞ የምንጠይቀው ጥቂት ነው፤ የመጥራት ግዴታ፣ በጽሑፍ የተሰጠ ምክንያት፣ የተመረጠ ተወካይ፣ በየዓመቱ የሚታወጅ ቁጥር። ከእነዚህ አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ስለዚህ «ድሃ አገር ነን» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አያዋጣም።

እዚህ ለምንኖረው ደግሞ የምለው ያው የድሮው ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ጎረቤቴ ያን ምሽት ካናደድኳቸው በኋላ ለሦስት ሳምንት አላናገሩኝም። በአራተኛው ደወሉልኝ። «እስቲ ያን ቅጽ አብረን እንሙላው» አሉኝ። ወረቀቱ ሲመጣ 60 ተጽፎበት ነበር። ለስምንተኛው መሥሪያ ቤት ሲያመለክቱ ያቺን አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩ፤ ተጠሩ፤ አልተመረጡም። ዘጠነኛውም ጠራቸው፤ እሱ ለይስሙላ ነበር። በአሥረኛው አራት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሃምሳ ደቂቃ ስለ ሂሳብ አያያዝ ጠየቋቸው። ስለ እግራቸው የተናገረው የሠራተኞቹ ተወካይ ብቻ ነው፤ «ወንበሩ ይመችዎታል ወይ?» ብሎ። አሁን በአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ በገቢ ሂሳብ ክፍል ይሠራሉ። ውላቸው ለጊዜው የሁለት ዓመት ነው።

ባለፈው ሳምንት ፌርማታው ላይ አገኘኋቸው። ሰባቱን የድሮ ደብዳቤዎች ምን እንዳደረጉዋቸው ብጠይቃቸው፣ ሁሉንም በፋይል እንዳስቀመጧቸው ነገሩኝ። «ሂሳብ የሚዘጋው ሰነዱ ሲሟላ ነው» አሉና ሳቁ። እኔም ያንን ሳቅ ይዤ ነው ዛሬ ማታ ይህን የጻፍኩት።

ቸር እንሰንብት።

ጊንሃይም፣ ፍራንክፈርት